ከዘበኛው ካፖርት እስከ ሸማኔው ጉድጓድ

ለዘጠኝ ዓመታት በፊልምና በቴሌቪዥን ድራማ ከተሰጡኝ ሚናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዘበኞች ነበሩ፤ የቀሩትም ፖሊስ፣ ወሮበላ ወይም የባለሀብት አጃቢ ናቸው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ90 ነው፤ ድምፄም ጎርናና ነው። የመጀመሪያውን ዘበኛ ስጫወት ተመልካች ስለወደደው ከዚያ ወዲህ አዘጋጆች ይፈልጉ የነበረው እኔን ሳይሆን ያንን ዘበኛ ነበር። ለዚያ ሚና ከመርካቶ የገዛሁት የሰልባጅ ካፖርት ከቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ስልክ ተደውሎ «ካፖርቱ አለህ አይደል? ይዘኸው ና» ስባል፣ ስለ ገጸ ባሕርዩ ከዚያ በላይ የሚነገረኝ ነገር እንደማይኖር አውቅ ነበር።

አዘጋጆቹን አልወቅስም። ገንዘቡ ጥቂት፣ የቀረጻው ቀን አጭር፣ የልምምድ ጊዜውም ከናካቴው የሌለ ሲሆን ሁሉም ተዘጋጅቶ የሚመጣለትን ተዋናይ ይመርጣል። እኔም የቤት ኪራይ ነበረብኝና እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ወጣት ሠዓሊ 22 ገጽ ያለው የኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ) ታሪክ ይዞ በመጣ ጊዜ ነው። ታሪኩ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ስለሚኖር ዓይን አፋር ሸማኔ ነው። ሸማኔው ቀን ሰው ፊት መናገር የማይችል ሲሆን፣ ሌሊት ግን በገዛ እጁ የሠራውን ጋቢ ተከናንቦ ሰፈሩን ከሌቦች ይጠብቃል። ሠዓሊው ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ወደ አጭር ፊልም ሊለውጠው አስቦ የሌቦቹን አለቃ እንድጫወት ጠየቀኝ። አንብቤ ስጨርስ ሸማኔውን እንዲሰጠኝ ለመንኩት። እሱ የሣለው ሸማኔ ቀጭንና ትከሻው ጠባብ ስለነበር ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ በመጨረሻም ሠርቼ እንዳሳየው የአንድ ወር ጊዜ ሰጠኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ሱፐርማን ደጋግሞ ማየት ነበር። ሱፐርማንን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ሪቭ ከእኔ ይልቅ ረጅም ሆኖ ሳለ፣ ሱፐርማን ማንነቱን የሚደብቅበትን ዓይን አፋሩን ጋዜጠኛ ክላርክ ኬንትን ሲጫወት ትንሽ ሰው ይመስላል። በሥራ ባልደረባው በሎይስ ሌን ቤት ውስጥ እሷ ዘወር ባለችበት ቅጽበት መነጽሩን ያወልቃል፤ የጎበጠው ጀርባው ይቃናል፤ ደረቱ ይሰፋል፤ ድምፁ ይወርዳል። እውነቱን ሊነግራት ይቃጣና ሐሳቡን ለውጦ መነጽሩን ሲመልስ ትከሻው እንደገና ወደ ውስጥ ይገባል። ልብስ አልቀየረም፤ የተቀየረው የጀርባ አጥንቱ አቀማመጥና የአተነፋፈሱ መጠን ነው። ይህን ትዕይንት ቁጥሩ እስኪጠፋኝ ድረስ በመስታወት ፊት ተለማመድሁት።

ከዚያ የአዲስ አበባ ተወላጇን ተዋናይት ሩት ነጋን ተከታተልሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከኮሚክ በተወሰደው ፕሪቸር በተሰኘው ተከታታይ ፊልም በሚሮጥ መኪና ውስጥ የምትደባደበውን ቱሊፕን ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ላቪንግ በተባለው ፊልም ደግሞ ብዙ የማትናገረውን፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ የልቧን የምትገልጸውን ሚልድረድን ሆነች፤ በዚህም ለኦስካር ታጨች። ሁለቱን አከታትሎ ያየ ሰው አንዷ ገር ሌላዋ ብርቱ ናት አይልም። ሁለቱም ብርቱዎች ናቸው፤ ብርታታቸው ያለበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። ይህን በዚያ ጊዜ አስተውዬው ቢሆን ኖሮ በኋላ ከሠራሁት ስሕተት እድን ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ሄጄ አንድ አረጋዊ ሸማኔን አጠገባቸው ተቀምጬ ሥራቸውን እንድመለከት ጠየቅኋቸው። እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ረገጣውን ሲያፈራርቁ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይበራል። «አባባ፣ እስቲ እኔ ልሞክር» ብዬ ጉድጓዱ ውስጥ ስቀመጥ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ያ ሁሉ ቁመቴ ጠፋ። ከውጭ የገባ ጎረቤት ቁልቁል አየኝ፤ እኔም ሰላምታውን ለመመለስ አንገቴን ወደ ላይ ማቅናት ነበረብኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜ ሰውን ከላይ ወደ ታች ስመለከት ኖሬ፣ አንድን ሰው ከጉልበቱ በታች ሆኜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አረጋዊው «እጅህን አትይ ልጄ፤ ድምፁን ስማ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሠዓሊው አሳየሁትና ሚናውን ሰጠኝ።

ቀረጻው ሲጀመር ሁለት ነገር ተበላሸብን። አንደኛው የእኔ ነው። ከዘበኛው ለመሸሽ ካለኝ ጉጉት የተነሣ ሸማኔውን የዘበኛው ተቃራኒ አድርጌ ሠራሁት፤ ድምፄ የማይሰማ፣ እጄ የሚንቀጠቀጥ፣ ሁሌም የሚያጎነብስ ሰው። ሠዓሊው የተቀረጸውን አሳየኝና «ይህ ሰውዬ የሚፈራው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ተቃራኒውን መጫወት ያው ከዘበኛው ጋር ታስሮ መኖር መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሸማኔው የሚፈራው ሥራው እንዳይቋረጥበት ነው ብለን ተስማማን፤ ሰው ሲያናግረው ዓይኑ ወደ ድሩ የሚመለሰው ስለዚህ ነው። ይህ ከተወሰነ በኋላ ድምፄን ማሳነስ አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው ጥፋት የሁላችንም ነው። ኮሚኩ ተሥሎ ያለቀ ስለሆነ እያንዳንዱን የሥዕል ሣጥን እንዳለ ገልብጠን ቀረጽን፤ ውጤቱ የተደረደሩ ፎቶግራፎች መሰለ። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ሥዕሎች አሉ። ሸማኔው ጩኸት ይሰማል፤ እጁ ጋቢውን ይይዛል፤ ከዚያ ጣራ ላይ ቆሟል። ወረቀት ላይ በሥዕሎቹ መካከል ያለውን ነጭ ክፍተት አንባቢው በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል። ካሜራ ፊት ግን ክፍተቱን የሚሞላው ተዋናዩ ነው። ስለዚህ ያንን ገጽ ትተን ሰውየው ከጉድጓዱ የሚወጣበትን ቅጽበት ብቻ እንደገና ቀረጽነው። እግሩን ያወጣል፤ የደነዘዘ ጉልበቱን ያሻል፤ ቀስ እያለ ቁመቱ ይመጣል። የእኔ ረጅምነት በዚህ ቦታ ለታሪኩ ጠቀመ፤ የዘበኛው ቁመት ያው ነበር፤ የመጣበት መንገድ ግን ሌላ ነው። በሥዕሎቹ ላይ በሐሳብ ፊኛ (ገጸ ባሕርዩ የሚያስበው በሚጻፍበት ክበብ) የተጻፈውን ቃል ሁሉ አወጣን፤ በምትኩ መወርወሪያው ድንገት ሲቆም ተመልካቹ ሸማኔው አንድ ነገር እንደሰማ ያውቃል።

ፊልሙን በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ካሳየን በኋላ ከአንድ አዘጋጅ ለዘበኛ ሚና ተደወለልኝ። አሜሪካዊው ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን በ2018 እ.ኤ.አ. በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ የተናገረው ትዝ አለኝ። ገና ጀማሪ ሳለ ስለ ተሰጠው ገጸ ባሕርይ እናትና አባት አዘጋጆቹን ጠይቆ ከሥራው እንደተሰናበተ ነበር የተናገረው። እኔም «ዘበኛው ቤተሰቡ የት ነው? ሌሊት ምን እያሰበ ያድራል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ዘበኛ ነው፣ በቃ» ተባልሁና ሥራውን አልተቀበልሁም። ያን ወር ኪራዩን የከፈልሁት ከወንድሜ ተበድሬ ነው፤ ለወጣት ተዋንያን ይህን ሳልነግር ባልፍ አታላይ እሆናለሁ።

ሌላ የተደወለልኝ ስልክ በአንድ ፊልም ለገጠር መምህር ሚና ማክሰኞ ለኦዲሽን (ለተዋናይ መምረጫ ፈተና) እንድቀርብ የሚጠይቅ ነበር። ጽሑፉን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መምህሩ ለምን ሁልጊዜ ጥቁር ሰሌዳውን ራሱ እንደሚያጠፋ፣ ለምን ለተማሪ እንደማይሰጥ ገና አልገባኝም፤ ማክሰኞ ከመድረሱ በፊት ግን ማወቅ አለብኝ።