ፔርሙዙ ሙሉ፣ ፕሮቲኑ ጥቂት

እዚህ ድሬዳዋ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ሰሞኑን የማጠናው የሕሙማን ምግብን ነው፤ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

አስታማሚ ጠዋት በፔርሙዝ አጥሚት ይዞ ይመጣል። እኛ በአፍንጫ ቱቦ በየ3 ሰዓቱ 200 ሚሊ እንሰጣለን። በቀን 1,600 ሚሊ፤ ቻርቱ ላይ ሲያዩት አንጀት ያርሳል። አሁን ግን ከሚሊው ጎን የፕሮቲኑን ግራም መጻፍ ጀምሬያለሁ። በሊትር 50 ግራም የአጃ ዱቄት የገባበት ቀጭን አጥሚት፣ ፕሮቲኑ 7 ግራም ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰጥተን 11 ግራም ገደማ ብቻ! ያው መጠን የላም ወተት ቢሆን 50 ግራም ይደርሳል።

የአውሮፓው የሕሙማን ምግብ ማኅበር ኢስፔን ለጽኑ ሕሙማን ፕሮቲን በቀን በኪሎ 1.3 ግራም ይላል፣ ያውም ቀስ በቀስ የሚደረስበት። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 78 ግራም መሆኑ ነው።

ታዲያ ከመጀመሪያው ቀን ለምን አናበዛውም? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። በ2023 የወጣው ኤፈርት የተባለው ጥናት 1,301 ሕሙማንን አይቶ፣ በኪሎ 2.2 ግራምና ከዚያ በላይ የታዘዘላቸው፣ አነስ ያለ ከታዘዘላቸው ይልቅ ቶሎ ድነው ከሆስፒታል እንዳልወጡ አሳየ። ኩላሊታቸው በድንገት ለተጎዳማ ጉዳቱ ሳያመዝን አይቀርም። ሕመሙ ሲበረታ ሰውነት ራሱ ጡንቻውን ያፈርሳል፤ ምግብ ብቻውን ያንን አያቆመውም። ለብዙ ቀን ሳይበላ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ምግቡ ቶሎ ከተሞላ በደሙ ያለው ፎስፌት የተባለው ማዕድን ያሽቆለቁላል። ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ቀድሞ፣ ምግቡ በጥቂቱ።

ለአስታማሚ የምነግረው አጭር ነው። አጥሚቱን በውኃ ሳይሆን በወተት ሥሩት። እንቁላል ከሆነ በደንብ ይቀቀል፣ ይፈጭ፣ ይጠለል፤ አለዚያ ቱቦው ይደፈናል። በዚህ ሙቀት ደግሞ ለብ ያለ ወተት ሲውል ይበላሻል፤ ከምሳ በፊት ያለቀው ይሻላል። ከሰጠን በኋላ 30 ሚሊ ውኃ እናስከትላለን።

በጾም ሰሞን ግን «ወተቱ ይቅርባት» የሚሉ እናቶች አሉ። የታመመ አይገደድም ብንልም ሁሉም እሺ አይሉም፤ መጨቃጨቁም አይጠቅምም። 100 ግራም የሽምብራ ዱቄት 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ችግሩ ሲበስል መወፈሩ ነው። በቀጭን ቱቦ ያሳለፋችሁት ካላችሁ፣ አጠላለሉን ጻፉልኝ።