የቫይታሚን ቢ6ቱን መጠን ደምሩት

መጠጥ ለጎዳው ነርቭ ሕክምና ስጀምር ይህን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ወራት ባተረፍኩ ነበር።

መጠጡን ያቆምኩት በሐኪም ክትትል ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በራሱ ድንገት ካቆመ ሊንዘፈዘፍ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል። ስኳር፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ፎሌት (ሌላው የቢ ቫይታሚን)፣ ታይሮይድ፣ ጉበትና ኩላሊት ታየልኝ። ለሚለበልበው እግሬ ጋባፔንቲን ማታ 300 ሚሊግራም ጀምሬ ቀስ በቀስ በቀን ሦስት ጊዜ 300 ደረስኩ። ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ በቀን 100 ሚሊግራም ታዘዘልኝ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቢ1 ለብቻው የለም ተብሎ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተቀላቀሉበት ኪኒን ተሰጠኝ። «በቀን ሦስት ፍሬ፤ ቫይታሚን ነው፣ የተረፈው በሽንት ይወጣል» ተባልኩ። ማሸጊያው ላይ ግን በግልጽ ተጽፏል፦ ቢ1 100 ሚሊግራም፣ ቢ6 200 ሚሊግራም፣ ቢ12 200 ማይክሮግራም። ሦስት ፍሬ ማለት 600 ሚሊግራም ቢ6 ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ2 ሚሊግራም በታች ነው! ቢ6 ሲበዛ ራሱ የስሜት ነርቮችን ይጎዳል፤ ምልክቱም መደንዘዝ፣ ማቃጠል፣ ጨለማ ውስጥ መንገዳገድ ስለሆነ በሽታው የባሰ ይመስላል። እኔም መስሎኝ ኪኒኑን አጥብቄ ያዝኩ።

ሊያስጠረጥረኝ የሚገባው እጄ ነበር። የመጠጥ ጉዳት ከእግር ጣት ተነስቶ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ እጅ ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ እግር እስከ ጉልበት ከደነዘዘ በኋላ ነው። የእኔ እግር ገና ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ጣቶቼ የሸሚዜን ቁልፍ ከጨርቁ መለየት አቃታቸው። ኪኒኑን ካቆምኩ በኋላም ሁለት ሦስት ሳምንት ባሰብኝ። ይህ የቢ6 ጠባይ ነው፤ ደንግጣችሁ እንዳትመለሱበት። መጠኑን ሳይደምር የሚሰጥ ባለሙያ እስካሁን ያናድደኛል፤ ማሸጊያውን አገላብጬ ያላነበብኩት እኔም።

ማግኘቱ ቢያስቸግርም ቢ1ን ለብቻው ፈልጉ። ቢ12 ያነሰው ቢ12ን ለብቻው ይውሰድ። መጠጥ ለመተው ዳይሰልፊራም ሊታዘዝላችሁ ከሆነ የእግራችሁን ነገር አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ እሱም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ጋባፔንቲን ሕመም ያስታግሳል እንጂ ነርቭ አይጠግንም፤ ከመጠጥ ጋር ትንፋሽ ያዳክማል፣ በአንድ ጊዜም አይቋረጥም። ነርቭ ሲያገግም የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ እግር ለመድረስ ወራት ይፈጃል። እስከዚያው የመታጠቢያ ውኃ በክርናችሁ ሞክሩ፣ ማታ ማታም ውስጥ እግራችሁን እዩ፤ የደነዘዘ እግር ቁስሉን አይናገርም።