ትንሽ ውሻ ከሶፋ ላይ እንዳይዘል

ትንሽ ውሻ ይበልጥ የሚጎዳው ሶፋ ላይ ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ሲያርፍ ጫናው የፊት እግሮቹ ላይ ያርፋል፤ እንደ ቺዋዋ ያሉ ቀጫጭን አጥንት ያላቸው የውሻ ዝርያዎች እግራቸው ሊሰበር ይችላል። እንደ ዳሽሁንድ ወገበ ረጅም የሆኑት ደግሞ የአከርካሪ ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል) ቶሎ ይጎዳል፤ የኋላ እግራቸው ሽባ እስከመሆን ይደርሳል።

ቁጣ ብቻውን አይሠራም። ሰው ሲያይ ይተወዋል፣ ሰው ሲወጣ ይዘላል። ሌላ መንገድ ስጡት፦ ከጣውላ የተሠራ ተዳፋት መወጣጫ። ሶፋው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጣውላው ቢያንስ 120 ሴንቲ ሜትር ይርዘም፤ ካጠረ ቁልቁለቱ ይከብደውና ከመሃል ይዘላል። ላዩ ላይ ምንጣፍ ለጥፉ፣ ሥሩ ላይ የማያንሸራትት ጎማ። ይህን ሳታደርጉ አትለፉ፤ አንዴ ከተንቀጠቀጠበት ፈርቶ ደግሞ አይረግጠውም።

መጀመሪያ ጣውላውን መሬት ላይ አጋድሙት፤ በምግብ ቁራጭ እየሳባችሁ አመላልሱት። ሳይፈራ ሲሄድበት አንዱን ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር አንሱ፣ ከዚያ ወደ ሶፋው። ልምምዱ ከ5 ደቂቃ አይለፍ። መውረድን አብዝታችሁ አለማምዱ፤ አስቸጋሪው እሱ ነው። አንገቱን ሳይሆን የደረት ማሰሪያውን ያዙ። የቀረውን የሶፋ ጠርዝ በትራስ ዝጉ።

ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ የክፍሉን በር መዝጋት ይሻላል።

ጀርባውን ካጎበጠ፣ ሲያነሱት ከጮኸ ወይም የኋላ እግሩ ከተወላገደ ሳታድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።