ቴምብርን ከፖስታ ላይ ስለ ማላቀቅ

በሕይወቴ መጀመሪያ ያበላሸሁት ቴምብር የተበላሸው በጀበና እንፋሎት ነው። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ከአሜሪካ የምትልከው ደብዳቤ ቤት ሲደርስ ደብዳቤው የትልልቆቹ፣ ፖስታው ደግሞ የእኔ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ቡና ስታፈላ ፖስታውን በጀበናው አፍ ላይ ያዝኩና ጠርዙ ሲነሣልኝ በጥፍሬ ሳብኩት። ቴምብሩ ተነሣ፤ ነገር ግን የጀርባው ወረቀት ከፊሉ ፖስታው ላይ ተልጦ ቀረ። ከፊት ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም፤ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ስመለከተው ግን መሐሉ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ቴምብር እንከን አለበት ብለው ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሱታል።

እንፋሎት ወረቀትን እኩል አያርስም። ጠርዙ ሲለሰልስ መሐሉ ላይ ያለው ሙጫ ገና ደረቅ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት የሚስብ ሰው ከሙጫው ጋር ይታገላል፤ በትግሉ የሚሸነፈው ደግሞ ሁልጊዜ ወረቀቱ ነው። በቀድሞዎቹ ቴምብሮች ጀርባ ላይ የተቀባው በአብዛኛው ከግራር ዛፍ የሚገኘው ሙጫ ወይም ከስታርች የሚሠራው ዴክስትሪን ሲሆን ሁለቱም በውሃ ይሟሟሉ፤ ቴምብርን በምላስ አርሶ መለጠፍ የተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በምራቅ የተለጠፈው በውሃ ይለቃል፤ የእኛ ድርሻ መጠበቅ ብቻ ነው።

አሁን ቴምብሩ ያለበትን የፖስታ ጥግ፣ መቀሱ የቴምብሩን ጠርዝ ጥርሶች እንዳይነካቸው በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ እየተውኩ እቆርጠዋለሁ። ከዚያም በጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ፣ ሕፃን የሚታጠብበትን ዓይነት፣ አደርግና ቁራጮቹን ሳላደራርብ እዘፈዝፋቸዋለሁ። ሳሙና አልጨምርም። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኞቹ ራሳቸው ተንሸራተው ይለያሉ። ያልለቀቀው ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ አይጎተትም። ሊለቅ ሲቃረብ ቴምብሩን በፊቱ በኩል ደፍቼ የፖስታውን ወረቀት ከላዩ አነሣለሁ፤ ማለትም የሚላጠው ፖስታው ነው እንጂ ቴምብሩ አይደለም። ይህ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሲላጥ የሚታጠፈውና የሚጎዳው የተነሣው ወረቀት ነው፣ ለፖስታው ቁራጭ ደግሞ ማንም አያዝንም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ጀርባው በጣት ሲዳሰስ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ሙጫ ቀርቶበታልና በንጹሕ ውሃ ደግሜ አጥበዋለሁ፤ አለበለዚያ ማድረቂያው ላይ ይለጠፍና ልፋቱ እንደ ገና ይጀምራል። እርጥብ ቴምብር በቀላሉ ስለሚቀደድ ጫፉ ጠፍጣፋና ለስላሳ በሆነ ወረንጦ ከሥሩ ደግፌ አወጣዋለሁ፤ ከዚያም ምንም ያልታተመበት ነጭ ወረቀት ላይ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ አሰጣዋለሁ። ጋዜጣ ላይ ማስጣት ስህተት ነው፤ ቀለሙ ይጋባበታል። ሲደርቅ እንደ ቅጠል መጠቅለሉ ያለ ነገር ስለሆነ አያስደነግጥም፤ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርጌ ከባድ መጽሐፍ ከጫንኩበት ሲነጋ ተዘርግቶ አገኘዋለሁ።

ቀይ፣ አረንጓዴና ቡናማ ፖስታዎች ግን ቀለማቸውን ወደ ውሃው ስለሚለቁ ለየብቻቸው መዘፍዘፍ አለባቸው። አንድ ቀይ የበዓል ፖስታ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ሳህኑ ውስጥ የነበሩትን ነጫጭ ቴምብሮች በሙሉ ሮዝ አድርጎብኛል። ለእነዚህ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ እጠቀማለሁ፤ ቴምብሩንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ውሃው ላይ አንሳፍፈዋለሁ። ቴምብሩ ራሱ ቀለም የሚለቅበትም ጊዜ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የወጡ አንዳንድ የእንግሊዝ ቴምብሮች፣ የተመታባቸው ማኅተም ታጥቦ ዳግም አገልግሎት ላይ እንዳይውሉ ሲባል፣ ሆን ተብሎ በውሃ በሚለቅ ቀለም የታተሙ ናቸው። እነዚህን ውሃ ውስጥ መክተት እንደ ማጥፋት ይቆጠራል።

ዋናው ፈተና እንደ ተለጣፊ ወረቀት ከጀርባቸው ተልጠው የሚለጠፉት ዘመናዊ ቴምብሮች ናቸው። በዚህ ዓይነት ቀዳሚዋ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣችው ሴራሊዮን ነበረች፤ ዛሬ ከአሜሪካ የሚመጡት ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በእነዚህ የተለጠፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጡትን ብዙዎቹን የአሜሪካ ቴምብሮች ሌሊቱን ሙሉ ብንዘፈዝፋቸውም ሙጫቸው አይሟሟም። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት የተሠራ የክፍል ሽቶ በፖስታው ጀርባ በኩል ይነፉና ወረቀቱ ሲርስ ፖስታውን ከቴምብሩ ላይ ይልጡታል፤ የሚያጣብቀው ጀርባም ሌላ ነገር ላይ እንዳይለጠፍ የሕፃን ፓውደር ያርከፈክፉበታል። ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል፤ ቤቱ ግን ቀኑን ሙሉ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። እኔ ከዚያ ይልቅ ዙሪያውን ትርፍ ትቼ በጥንቃቄ ቆርጦ ከነወረቀቱ ማስቀመጥን እመርጣለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጨርሶ መላቀቅ የማይገባው ፖስታ እንዳለ ማወቅ ይገባል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ሲወጡ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አልነበረችም፤ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት የአገራችን ቴምብር ብቻውን ከድንበር ውጭ ስለማያገለግል፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ የአፄ ምኒልክ ምስል ወይም አንበሳ ካለበት ቴምብር በተጨማሪ በፈረንሳይ ሥር የነበረውን የጅቡቲን ቴምብር እንዲይዝ ይደረግ ነበር። ሁለቱ ቴምብሮች፣ ማኅተሞቹና ቀኖቹ በአንድ ፖስታ ላይ ሲገኙ ደብዳቤው የሄደበትን መንገድ ይናገራሉ፤ ተላቀው ለየብቻ አልበም ውስጥ ቢገቡ ግን ሁለት ተራ ቁርጥራጮች ይሆናሉ። ስለዚህ መቀስ ከማንሣቴ በፊት ማኅተሙን አነባለሁ፤ ከተማውና ቀኑ በግልጽ ከተነበቡ፣ ፖስታውም ዕድሜ ያለው ከሆነ፣ ሳህኑን መልሼ ቦታው አስቀምጣለሁ።