ውሸቱን ማን ይሸከመዋል?

ትናንት ማታ «ኦፕሬሽን አቫላንች»ን አየሁት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ትሪለር ነው። ዳይሬክተሩ ካናዳዊው ማት ጆንሰን ነው፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተውም እሱው ነው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1967 ይጀምራል። ሁለት ወጣት የሲአይኤ ሠራተኞች ሰላይ ለማደን ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ መስለው ናሳ ይገባሉ። እዚያ ግን ሰው ጨረቃ ላይ የሚያሳርፈው መንኮራኩር በተባለው ጊዜ እንደማይደርስ ይሰማሉ። ማት ወዲያው አንድ ሐሳብ ያመጣል። ማረፉን እኛ በካሜራ እንሥራው!

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ አሠራሩ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ዘጋቢ ፊልም የምንሠራ ተማሪዎች ነን ብለው እውነተኛው ናሳ ግቢ ገብተው ቀርፀዋል። ታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክም ፊልሙ ውስጥ አለ፤ ከቆዩ ፎቶግራፎች ወስደው ነው ያስገቡት። የመኪናው ማሳደድ ደግሞ ልብ ያቆማል። ካሜራው ከመኪናው አይወጣም፣ ምስሉም አይቆረጥም። ተመልካቹም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮ ይሸሻል። በብዙ ሚሊዮን ብር የተሠራ ማሳደድ እንዲህ አላስጨነቀኝም።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ አልወጡም ባይ ነው። ቡና በተፈላ ቁጥር «ባንዲራው ያለ ነፋስ እንዴት ይውለበለባል?» ይለኛል። ከላይ በኩል አግዳሚ ዘንግ እንደነበረው ነግሬዋለሁ። ከስድስት ጉዞ 382 ኪሎ የጨረቃ ድንጋይና አፈር መምጣቱንም ነግሬዋለሁ። ወይ ፍንክች! ማስረጃ ባቀረብኩ ቁጥር ሴራው ይሰፋል፤ ድንጋዩን የመረመሩት ሳይንቲስቶችም የሴራው አካል ይሆናሉ።

ይህ ፊልም የሚነካው እኛ ተከራክረንበት የማናውቀውን ነገር ነው። የሴራ ወሬ ሁልጊዜ «እነሱ» ይላል። «እነሱ» ሚስት የላቸውም፣ አይፈሩም፣ እንቅልፍ አያጡም። እዚህ ግን ምስጢሩን የያዙት ሰዎች ፊት ይታያል። የማት ጓደኛ ኦወን ቤተሰብ አለው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ እንደ ልጅ ይስቃሉ። ከዚያ ሳቁ ይጠፋል። ስልክ ሲጮህ ይደነግጣሉ፣ እርስ በርስም መተማመን ያቅታቸዋል። ጥቂት ሰዎች የያዙት ምስጢር እንኳ እንዲህ ያደርጋል። ሰው ጨረቃ ላይ ባሳረፈው በእውነተኛው የናሳ የአፖሎ ሥራ ላይ ደግሞ 400,000 ገደማ ሰው ተሳትፏል።

መሐል ላይ የቢሮው ወሬ ትንሽ ይረዝማል። ቢሆንም ድጋሚ አየዋለሁ። የአክስቴ ልጅ እሑድ ይመጣል፣ አብረን ነው የምናየው። ስለ ባንዲራው ካነሳ መልስ አልሰጠውም። እኔ የምጠይቀው ስለ ሰዎቹ ነው። ያን ሁሉ ሰው፣ ጡረታ እስኪወጣና እስኪሞት ድረስ፣ ማን ዝም አሰኘው?