ዌቨር ከመጠየቃችሁ በፊት

ኦፕን አክሰስ የሚባለው መጽሔት አንባቢ በነፃ የሚያነበው፣ ወጪውን ግን ብዙ ጊዜ ደራሲው የሚከፍልበት ነው፤ ዌቨር ደግሞ ያ ክፍያ እንዲነሳ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። «ኢትዮጵያ ናችሁ፣ ኦፕን አክሰስ ላይ ስታሳትሙ አትከፍሉም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ማንም አልነገረኝም።

ጥናታችን በአሲዳማ አፈርና በኖራ ላይ ነው። ናሙና ተሰበሰበ፣ ላብራቶሪ ገባ፣ ተጻፈ። የማነበውን ያገኘሁት ከዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ነው። የሳይንስ መጽሔቶችን ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚከፍተው ሪሰርች ፎር ላይፍ ኢትዮጵያን በነፃ የሚያነቡት አገሮች ባሉበት ቡድን ኤ ውስጥ ስላስገባት፣ ለጤናው ሂናሪ፣ ለግብርናው አጎራ በነፃ ክፍት ናቸው። የይለፍ ቃሉ ግን የሚገኘው የኃላፊው ጠረጴዛ መስታወት ሥር በተሸጎጠች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው። ጋሼ ሻይ ከወጡ ንባብ የለም። መጽሔቱ ዶአጅ በሚባለው የኦፕን አክሰስ መጽሔቶች መዝገብ ላይ መኖሩን አይቼ ጽሑፉን ላክሁ።

አሁን ወደ ጉዱ።

ጥናትና ምርምር ጽሕፈት ቤቱ በሰጠን ሥልጠና ላይ አንድ ምክር ነበር። «ኮረስፖንዲንግ ኦተር፣ ማለትም ከመጽሔቱ ጋር የሚጻጻፈውን ደራሲ፣ ውጭ ያለውን አድርጉት። ኢንተርኔት አይቆራረጥበትም፣ ኤዲተሮችም ይሰሙታል።» አብሮን የጻፈው ወንድማችን አሜሪካ ያስተምራል። እንደተባልነው አደረግን።

ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ ኢንቮይስ ተከትሎ መጣ። ከ2,000 ዶላር በላይ! መጀመሪያ ሳቅሁ። ድረ ገጻቸው ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚጽፉ ክፍያው ይነሳል ይላልና። ጻፍኩላቸው። መልሱ አጭር ነበር፦ የሚታየው የኮረስፖንዲንግ ኦተሩ ተቋም ያለበት አገር ነው፤ የእናንተ ደግሞ አሜሪካ ነው። ዌቨር የሚጠየቀውም ጽሑፉ ሲላክ እንጂ ከተቀበልነው በኋላ አይደለም። ጥናቱ የተሠራው እዚህ ነው፣ ገንዘቡም ከዚህ ነው ብንል ወይ ፍንክች! ስሙን እንቀይር አልን፤ እሱም አይሆንም። ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ከአሳታሚዎች ጋር ውል ስላላቸው ቤተ መጻሕፍታቸው ይሸፍናል። የወንድማችን ዩኒቨርሲቲ ከዚህ አሳታሚ ጋር ውል አልነበረውም።

ወደ ግቢያችን ዞርኩ። ጥናትና ምርምር «ፋይናንስ ጠይቂ» አለኝ። ፋይናንስ «የጥናትና ምርምር ደብዳቤ አምጪ» አለኝ። ደብዳቤውን ሳመጣ ማህተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም ተብሎ ተመለሰ። ያን ምክር የሰጡን ሰዎች እኮ ናቸው ደብዳቤውን የጻፉት፤ አንዳቸውም «ይቅርታ፣ እኛ ነን ያሳሳትናችሁ» አላሉም። በመጨረሻ የፋይናንሷ ሴት ብዕሯን አስቀምጣ «እህቴ፣ ለመድኃኒት የጠፋ ዶላር ለአንቺ ወረቀት ከየት ይመጣል?» አለችኝ። አበገነችኝ፤ ግን እውነቷን ነው። በዚህ መሀል ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከአሳታሚው «ውድ ደራሲ፣ ክፍያዎ አልደረሰንም» የሚል ኢሜይል አሁንም አሁንም ይመጣል።

ጽሑፉን አነሳነው። አንባቢን እንጂ ደራሲን ለማያስከፍል መጽሔት ላክነው፤ እዚያ ወጣ።

እንግዲህ እኔን የሚሰማኝ ካለ፣ የሥልጠናውን ምክር እርሱት። ኮረስፖንዲንግ ኦተር እዚህ ያለው ሰው ይሁን፤ ኢንተርኔት ቢቆራረጥ ይቆራረጥ። የሚጽፈውም በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንጂ በጂሜይል አይሁን። ዌቨሩን ጽሑፉን በምትልኩበት ቅጽ ላይ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ሃይብሪድ ከሚባሉት፣ ማለትም አንባቢን እያስከፈሉ ደራሲው የከፈለበትን ጽሑፍ ብቻ ከሚከፍቱት መጽሔቶች ደግሞ ራቁ፤ ዌቨር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይሠራም። አጆል በሚባለው የአፍሪካ መጽሔቶች ድረ ገጽ ላይ ካሉት የአገራችን መጽሔቶች ከደራሲም ከአንባቢም ሳንቲም የማይጠይቁ አሉ። እነሱን የሚንቁ ባልደረቦቼን ታዝቤያለሁ፤ ገበሬው ጋ የሚደርሰው የግብርና ባለሙያ ግን የሚያነበው እነሱን ነው።

አንባቢ የሚከፍልበት መጽሔት ላይ ወጣ ማለት ጽሑፉ ተቆለፈበት ማለት አይደለም። ብዙ አሳታሚዎች ተቀባይነት ያገኘውን ረቂቅ፣ ማለትም ገምጋሚዎች ካረሙት በኋላ ያላችሁን የወርድ ፋይል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሪፖዚተሪ በሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ። የእኛ 12 ወር ነበር። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የኦፕን አክሰስ ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር በሪፖዚተሪ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ናድሬ የሚባለው አገር አቀፍ ማከማቻም ለዚሁ አለ።

ጊዜው ሲደርስ ወደ ዲጂታል ክፍሉ ሄድኩ። «የመጽሔቱ ሎጎ ያለበትን ፒዲኤፍ ካላመጡ አልጭንም» አለኝ ልጁ። ያ እኮ ነው የተከለከለው! ሎጎ ያለው የአሳታሚው ንብረት ነው፣ ረቂቁ የኔ ነው ብዬ ብነግረው አልዋጥልህ አለው። የአሳታሚውን ደንብ አትሜ፣ መስመሩን በቢጫ ቀለም አስምሬ ወሰድኩለት። ሁለቴ አነበበው፣ አለቃውን ጠራ፣ አለቃውም አነበበ። ተጫነ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሌሎች ሲመጡ ያንን ወረቀት እያወጣ ያሳያል አሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ልደብቃችሁ አልችልም።

ለረዳት ፕሮፌሰርነት ሳመለክት ኮሚቴው የጠየቀኝ መጽሔቱ ስኮፐስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የመጽሔቶች መዝገብ ላይ መኖሩን ብቻ ነው። ጽሑፉ ለማንም ክፍት መሆኑ ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም። «አስተያየት» የሚለው ሥር ጻፊው አሉኝ። ጻፍኩት።