«ግድ አልሰጠኝም» ያልኩት እኔ ነኝ

ወንድሜ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ሌብነት ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2004፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ሁለት ጓደኞቹን በመኪናው አድርሶ ከአንድ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። መብራት ስለጠፋ ቤቱ ባዶ መስሏቸው ነው። ባዶ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ወጡ፣ ከገቡት አንዱ ገፈተራቸው፣ ወድቀው ጭንቅላታቸው ተመታ፣ ሞቱ። ወንድሜ ሰው መሞቱን የሰማው በማግስቱ ፖሊስ ሊይዘው ሲመጣ ነው።

የካሊፎርኒያ ሕግ ያኔ ቀላል ነበር፤ በክፉ መልኩ ቀላል። ለመስረቅ ሰው ቤት ተገብቶ ሰው ከሞተ፣ የስርቆቱ ሐሳብ ብቻውን ይበቃል። ለመግደል አስበህ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የገፈተረውም መኪና ውስጥ የተቀመጠውም እኩል ነፍሰ ገዳይ ናቸው። ፌሎኒ መርደር ይሉታል። በር መስበርም አያስፈልግም፣ በተከፈተ በር ለመስረቅ አስቦ መግባት በርግለሪ ለመባል ይበቃል።

አባባ አዲስ አበባ ሆኖ በየስልኩ አንድ ጥያቄ ነበረው። «ገድሏል ወይ?» አልገደለም እለዋለሁ። «ታዲያ ገዳይ የሚሉት ምን ሆነው ነው?» እኛ አገር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 57 በሐሳብም በቸልተኝነትም ጥፋት የሌለበት ሰው አይቀጣም ይላል፣ አባባ ደግሞ አንቀጹን ባያውቅም ነገሩ ይገባዋል። ይህን ሕግ ለአሜሪካ ያወረሰችው እንግሊዝ እንኳ በ1957 ጥላዋለች። እሱን ስነግረው ይበልጥ ተናደደ።

ጠበቃው «ተከራክረህ ከተረታህ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ነው፣ ካመንክ ግን ሁለተኛ ደረጃ ግድያ ሆኖ ከ15 እስከ ዕድሜ ልክ» አለው። አመነ። እዚህ ላይ የምለው የለኝም፣ ማንም ቢሆን ያምን ነበር።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

በ2018 ፓሮል ቦርድ ፊት ሊቀርብ ሆነ፤ እስረኛው ይፈታ ወይስ ይቆይ ብሎ የሚወስነው አካል ነው። እስረኛውም፣ ቤተሰቡም፣ አማካሪ ነኝ ባዩም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ኢንሳይት አሳይ»። ጥፋትህን በሙሉ ተቀበል፣ አታሳንስ፣ ሰበብ አትደርድር። እኔ ደግሞ በሽምግልና ያደግሁ ሰው ነኝ። እኛ ጋ በዳይ ሽማግሌ ፊት ሲቆም ጥፋቱን አይመዝንም። ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ካጠፋው በላይ ራሱን ይከሳል፣ የተበደለውም ያን ሲያይ ልቡ ይራራል። የተባለው ቃል በቃል እንደማይወሰድ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ለቦርዱ የሚልከውን ደብዳቤ ሲያዘጋጅ በስልክ እያነበበልኝ እኔ ጻፍኩለት። «ቤቱ ባዶ መስሎኝ ነበር» የሚለውን አወጣሁት፣ ሰበብ ይመስላል ብዬ። በምትኩ ይህን አስገባሁ፦ «ቤት ውስጥ ሰው ሊኖር እንደሚችል አውቅ ነበር። ሊጎዳ እንደሚችልም አውቅ ነበር። ግድ አልሰጠኝም።»

እሱ «ይሄ ግን እንደዛ አልነበረም እኮ» ብሎኛል። እኔ «ዝም ብለህ በል፣ እነሱ መስማት የሚፈልጉት ይህንን ነው» አልኩት። ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ሰማኝ።

ቦርዱ ከለከለው። ያ ራሱ አንድ ነገር ነው። ግን ቃሉ ሁሉ ተቀድቶ፣ ተተይቦ፣ ፋይል ውስጥ ገባ።

እዚያው ዓመት መስከረም ላይ ገዥው አዲስ ሕግ ፈረሙ፣ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ባለ ጉዳይ ሰው ነፍሰ ገዳይ የሚባለው ራሱ ከገደለ፣ ወይም ለመግደል አስቦ ካገዘ፣ ወይም በወንጀሉ ዋና ተሳታፊ ሆኖ ለሰው ሕይወት ግድ የለሽ ከነበረ ነው። በድሮው ሕግ የተፈረደባቸውም አቤቱታ ማስገባት ይችላሉ። ሦስተኛዋን መስፈርት እንደገና አንብቧት። እኔ አላነበብኳትም፣ ወይም አንብቤ ከደብዳቤው ጋር አላገናኘኋትም። ደስታ ላይ ነበርኩ።

የአቤቱታውን ፎርም ያለ ጠበቃ መሙላት ይቻላል ይላሉ። ይቻላል፣ አዎ። እኔም ሞላሁ። የክስ መዝገብ ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ የእስረኛ ቁጥሩን ጻፍኩና ከወራት በኋላ ተመለሰልኝ። መዝገብ ቤት ስደውል ያነሣችው ሴትዮ «ሕግ ነክ ምክር መስጠት አንችልም» አለችኝ፣ እኔ የጠየቅኳት ቁጥሩ የቱ ገጽ ላይ እንዳለ ነው! ሁለተኛው አቤቱታ ደግሞ ጠበቃ ሳይሾምለት በአንድ ገጽ ውድቅ ሆነ። በ2021 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጠበቃ ለሚጠይቅና አቤቱታው ለተሟላ ሰው መጀመሪያ ጠበቃ መሾም ግዴታ ነው ሲል እንደገና አስገባን። በዚህ መሃል ሁለት ዓመት ሄደ፣ እሱ እስር ቤት፣ እኔ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቡና እየጠጣሁ «ሊፈታ ነው» እያልኩ ለሰው ሳወራ።

የተሾመችው ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ፓሮል ቦርድ ቀርቦ ያውቃል?» የሚል ነበር። አዎ አልኳት፣ በኩራት። ደብዳቤውም አለኝ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ልላክልሽ? ዝም አለች። ከዚያ አቃቤ ሕግ እሱን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ እንደሚችል፣ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ይህን እንደፈቀደ ነገረችኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይሄ ደግሞ የአፍ እንኳ አይደለም፣ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው።

ችሎቱ 2022 ላይ ነበር። ግድ የለሽ መሆኑን ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት ያለበት አቃቤ ሕግ ነው። ሰውየው ብዙ አልደከመም። ቆሞ የእኔን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ቀስ ብሎ አነበበ። የሟቹ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር፣ ወደ እሷ ማየት አልቻልኩም። «ግድ አልሰጠኝም» ሲነበብ አንገቷን ነቀነቀች። እሷ እስከ ዛሬ ያን ቃል የወንድሜ ነው ብላ እንደምታምን አውቃለሁ፣ ሄጄ ልነግራትም አልችልም።

ያዳነን በ2004 በተያዘ ማግስት ለፖሊስ የሰጠው ቃል ነው። ያኔ ጠበቃም እህትም አልነበረውም፣ ማንም አላስጠናውም። «መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ሰው ያለ አልመሰለንም» ብሏል። ጠበቃዋ የቦርዱንም ቃለ ጉባኤ ከመጀመሪያው ገጽ አስነበበች፦ መጀመሪያ እንደነበረው ተናግሮ፣ ኮሚሽነሩ «ጥፋትህን እያሳነስክ ነው» ሲለው ወደ ደብዳቤው ቃል ዞሯል። ዳኛው የድሮውን ቃል አመኑ። የግድያው ፍርድ ተነሣ፣ በበርግለሪ ብቻ እንደገና ተፈረደበት። የሰው መኖሪያ ቤት ሲሆን ቢበዛ ስድስት ዓመት ነው። እሱ ከአሥራ ሰባት በላይ ጨርሶ ነበር።

እና የምላችሁ ይሄ ነው፤ የእስር ቤት አማካሪዎች ከሚሉት ጋር ባይገጥምም። የታሰረ ዘመዳችሁ ፓሮል ቦርድ ከመቅረቡ በፊት ይህን አቤቱታ የሚያውቅ ጠበቃ ያነጋግር። የሠራውን በሙሉ ይመን፦ ሰርቄያለሁ፣ እኔ ባልሄድ ሰውየው አይሞቱም ነበር፣ ይበል። ያላሰበውን ግን አስቤ ነበር አይበል፣ ኮሚሽነሩ ቢቆጣም። ኢንሳይት የለህም ብለው ቢከለክሉት እንኳ ይሻላል። የፖሊሱን ቃል ኮፒ አስቀድማችሁ አውጡ፣ እኛ ጋ እሱን ለማግኘት ብቻ አምስት ወር ፈጅቷል። ደብዳቤውንም ራሱ ይጻፈው፣ እናንተ እጃችሁን አታስገቡ።

ወንድሜ ስለ ደብዳቤው አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። ፋይሉ እስካሁን ላፕቶፔ ውስጥ አለ፣ ስሙ «የመጨረሻ 3» ይላል። በ«የመጨረሻ 2» ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር አልነበረችም።